ገመድ ወይስ ቦኖ

ባንተአምላክ የተገደለው ውኃ በመጣ ዕለት ነው። ዝግባ በር ከተማ ውኃ የመጣው በስንት ጊዜው ስለሆነ፣ ቦኖው ተከፈተ ሲባል ቤቱ የሚቀር ሰው የለም፤ የታመመው እንኳ ጀሪካኑን ያንጠለጥላል። የኢንተርኔት ገመዱ የተቀመጠበትን ክፍል የሚጠብቁት አያ አበረም በሩን ቆልፈው ወደ ቦኖው ሮጡ። ሲመለሱ በሩ ገርበብ ብሏል። የከተማው የኢንተርኔት ኮሚቴ ሰብሳቢ ባንተአምላክ ማጅራቱን በዶማ እጀታ ተመትቶ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ከቆመው ትልቅ ጥቅልል የፋይበር ገመዱ ጫፍ በሰንጢ ተልጧል፤ ከውስጡ የወጣው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ተሰባብሮ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

በማግስቱ ጧት ኢንስፔክተር ካሳነሽ ከእንጅባራ በሚኒባስ ደረሰች። ሃምሳ የደፈነች፣ ቁጡ፣ ሰው ሲያወራት ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ሳጅን እንየው ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀበላት።

«ገዳይዋን ይዘናታል» አላት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። «ደጊቱ ትባላለች፤ የቦኖው ሴቶች ተጠሪ። ገመዱን ቆራርጬ እጥለዋለሁ ብላ በስብሰባ ላይ ዝታለች። ትናንት ደግሞ ከተማው ሁሉ ቦኖ ሲጋፋ እሷ አልነበረችም። በሠልስቱ ማግስት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ገመዱ ምን ያህል ተጎዳ?»

«ያን ያህልም አይደል። ከጫፉ አንድ ክንድ ቢጣል ሌላው ደህና ነው።»

ካሳነሽ ጥቅልሉን ዞረችው። የቦይ መቆፈሪያ ዶማዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ጎን ስለቱ የሚያብረቀርቅ መጥረቢያ ተደግፏል። ጥግ ላይ ኩርምት ብለው የተቀመጡትን አያ አበረን በአገውኛ ሰላም ስትላቸው ሽማግሌው ትንሽ ቀለል አላቸው።

«ይህን ገመድ ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው አለ?»

«ኧረ የለም፤ ከነማሸጊያው ነው የመጣ። ባለሙያዎቹም ገና አልመጡም። ቁልፉ ያለው እኔና ሟቹ ዘንድ ብቻ ነው። እኔ ያን ዕለት ውኃ መጣ ሲሉኝ... ምን ላድርግ ልጄ፣ ቤቴ ጠብታ አልነበረም።»

የጠቡ ሥር እንዲህ ነው። ከተማው በራሱ በጀት የፋይበር መስመር ዘርግቶ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያውና ለቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት በነፃ ሊያዳርስ አቅዷል። ግማሹ ሰው፣ «ልጆቻችን ከዓለም ተቆርጠው ቀሩ» ይላል። ግማሹ፣ «የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ ለምንጠጣው ይሁን» ይላል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ከጎረቤት ሆድና ጀርባ ሆነ፤ ዕድሩ ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀረው፤ ባለፈው ስብሰባማ ወንበር ተወራውረዋል።

ደጊቱ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ልጇ ያመጣችላትን ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቱ ይሽከረከራል፤ ከአውራ ጣቷና ከጠቋሚዋ መሀል የሚወጣው ፈትል ቀጭንና እኩል ነው።

«ቆራርጬ እጥለዋለሁ ብለሻል?» አለቻት ካሳነሽ።

«ብያለሁ። ልጄ በጀሪካን ስትጎብጥ እያየሁ ለገመድ ላጨብጭብ?»

«ታዲያ ውኃ ሲመጣ ለምን ቀረሽ?»

እንዝርቱ ቆመ። «ባንተአምላክ ቤቴ መጥቶ ነበር። ‹ደጊቱ፣ ልክ ነሽ። ነገ በስብሰባው ውኃው ይቅደም፣ ገመዱ ለከርሞ ይደርሳል ልል ነው› አለኝ። እሱ ሲሄድ ልጄን ቦኖ ልኬ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሳጅኑ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እርስዎም ይሳቁ።»

ካሳነሽ አልሳቀችም። ሴትዮዋ መዋሸት ብትፈልግ ኖሮ ሰው የሚያምነው ውሸት ባላጣች ነበር።

«እኔ ከታሰርኩ ልጄ ማንም የላትም» አለች ደጊቱ፤ ተመልሳም መፍተሏን ቀጠለች።

ቀጥሎ ካሳነሽ የሄደችው አየነው ዘንድ ነው፤ የከተማዋ ብቸኛ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት። አንድ ኮምፒውተር ፈታትቶ፣ ከጤፍ ትንሽ የምትበልጥ ብሎን በጣቶቹ ጫፍ ቆንጥጦ እያዞረ አነጋገራት።

«መስመሩ ከገባ ቤትህ ይዘጋል አይደል?»

«ይዘጋል። የመንግሥት ገንዘብ ይዞ የሚወዳደረኝን ሰው ልወደው አልችልም፤ ባንተአምላክንም አልወደውም ነበር። ብመታው ግን ፊት ለፊት ነበር የምመታው። እሱስ ለእኔ ጀርባውን መቼ ይሰጣል?»

«ቦኖ ነበርክ?»

«ነበርኩ። በዚያ ግፊያ ግን ማን ማንን ያያል?»

የሟቹ የቅርብ ወዳጅና የኮሚቴው ጸሐፊ መምህር ሽመክት መማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንዲት ተማሪ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ እሱ መስኮቱ ሥር ቆሞ ቃል በቃል ይነግራታል። ካሳነሽን ሲያይ ወጣ። ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል፤ ልቅሶውም የእውነት ነው።

«ተማሪዎቼ ለዩኒቨርሲቲ ለመመዝገብ እስከ ዳንግላ ይሄዳሉ» አላት። «አምና አንዲት ጎበዝ ልጅ መኪና አጥታ ቀኑ አለፈባት። ዛሬ ከሰል ትቸረችራለች። እኔና ባንተአምላክ ይህን መስመር የጀመርነው እሷን አይተን ነው።»

«ሐሳቡን ቀይሮ ነበር ይባላል።»

«ደጊቱ ናት እንዲህ ያለችው? እስከ መጨረሻው አልቀየረም።»

«ገመዱን ነክተውት ያውቃሉ?»

«ከመኪና ሲወርድ ከሩቅ አየሁት እንጂ እጄም አልነካው።»

በሠልስቱ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሞላ። የገመዱ ወገኖች በአንድ በኩል፣ የውኃው ወገኖች በሌላ በኩል ተቀምጠው ይገላመጣሉ። ደጊቱ በካሳነሽ ትእዛዝ በሳጅኑ ታጅባ ስትገባ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ላይ አጉረመረመ።

«ገዳይ ለቅሶ አትደርስም» አለች ማናለብሽ፣ ዓመት ሙሉ አብራት ቦኖ የተሰለፈችው ሴት።

ንፍሮው በየመዳፉ ታደለ። ካሳነሽ እስኪታደል ጠብቃ ተነሣች።

«ገመዱን የላጠው ገመዱን የጠላ ነው ብላችኋል» አለች። «እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያው ነበር። ግን የተሳለ መጥረቢያ እዚያው ቆሟል። ገመዱን የጠላ ሰው፣ ነፍስ አጥፍቶ እጁ እንደጋለ፣ ያን መጥረቢያ አንሥቶ ጥቅልሉን ይከተክተው ነበር። ይህ ሰው ጫፉን ብቻ በሰንጢ ላጠና ተወው። አንድ ክንድ ቢጣል ሌላው ደህና ነው ብሎኛል ሳጅን እንየው። ታዲያ ይህ የጠላት ሥራ ነው? ይህ የሳሳ ሰው ሥራ ነው። ደጊቱ አጠፋችው እንዲባል ፈልጓል፤ ገመዱ እንዲጠፋ ግን አልፈለገም።»

ካሳነሽ ወደ ገመዱ ወገኖች ዞረች።

«ባንተአምላክ በሩን በገዛ ቁልፉ ከፈተ፤ የተመታውም ከኋላው ነው። አየነው ለእኔ ጀርባውን አይሰጥም ሲል እውነቱን ነው። ሟቹ ለሚያምነው ሰው ነው የዞረው። ዞሮም ለደጊቱ የነገራትን ነገረው፤ ውኃው ይቅደም አለው።»

«ይህ የሷ ወሬ ነው!» አለ ሽመክት።

«የሷ ወሬ ይሁን፤ የጣት ነገር ግን ወሬ አይደለም። መስታወቱ ሲሰበር ስንጣሪው ለዓይን አይታይም። ጣት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሲጫኑት እንደ መርፌ ይወጋል። ገመዱ ታሽጎ ነው የመጣው፤ ከገዳዩ በቀር የላጠው የለም። ደጊቱ በጣቷ ጫፍ ስትፈትል አይቻለሁ። አየነው በጣቱ ጫፍ ብሎን ሲያዞር አይቻለሁ። እርስዎ ግን መምህር፣ ጠመኔውን ለተማሪ ሰጥተው ነበር።»

ወደ እሱ ቀረበች። «መዳፍዎ ላይ ያለውን ባቄላ እስቲ ይላጡልኝ።»

ሽመክት ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እያየው ነው። ባቄላውን በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ያዘና ጨመቀው፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ ባቄላው ከነቅርፊቱ ወደቀ። ካሳነሽ እጁን ይዛ የስልኳን መብራት በጎን አበራችበት። አውራ ጣቱ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ብልጭ አለ። ሳጅን እንየው ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ፤ ደጊቱን ግን ሊያያት አልደፈረም።

«ለከርሞ አለኝ» አለ ሽመክት፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ያቺ ልጅ ከሰል እየቸረቸረች፣ እሱ ለከርሞ አለኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ዶማው እጄ ላይ ነበር። መጥረቢያውንም አንሥቼ ነበር፤ ገመዱ ላይ ለማሳረፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለገመዱ የሳሳ ልብዎ ለጓደኛዎ ጨከነ» አለች ካሳነሽ። አዘነችለት፤ ጠላችውም።

ሽመክት ከድንኳኑ ሳይወጣ የገመዱና የውኃው ወገኖች፣ በሟቹ ቤት፣ እንደገና መጯጯህ ጀመሩ። አንዱ፣ «ስለዚህ ገመዱ ይቅር» ሲል ሌላው፣ «ሰውየው ገደለ እንጂ ገመዱ ምን አደረገ?» ይላል። ጩኸቱን ያቆመው ከውጭ የመጣ ድምፅ ነው፤ «ቦኖው ተከፈተ!» ድንኳኑ ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ።

ካሳነሽ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስትጠብቅ ሰልፉን ታያለች። ደጊቱ ልጇን አስከትላ መጣች። ማናለብሽ ከሰልፉ ፊት የራሷን ጀሪካን ወደኋላ ሳብ አድርጋ ቦታ ከፈተችላት።

«ደጊቱ፣ ነይ፤ እዚህ ግቢ።»

ሌሎቹም ሴቶች እየተጠጋጉ ቦታ ለቀቁላት። ደጊቱ ለማንም ሳትመልስ፣ ማንንም ሳታይ፣ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ከሰልፉ መጨረሻ ጀሪካኗን አኖረች፤ ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጥታ ተራዋን ትጠብቅ ጀመር።