በትንፋሽ የጠፋችው ጧፍ

በጋይንቷ ከተማ በንፋስ መውጫ ሰው የሚጣላው «በሩን ማን ክፍት ተወው?» በሚል ነው። ነፋሱ እንደ ቤተኛ ማንኳኳት አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይገባል። በቄስ ደምሌ ቤት ግን የዚያ ዓመት ጸብ የተነሣው በመብራት ነበር።

ዕለቱ የቄሱ ሚስት፣ የልጃቸው የየሻረግ እናት፣ የየኔነሽ ሙት ዓመት ነው። ቄስ ደምሌ መደቡ ላይ አንዲት ጧፍ አብርተው፣ ዳዊታቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። በዚያ ቤት የቆየ ሥርዓት አለ። አመሻሹ ላይ ጧፍ ሲበራ ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ ስልክ አይነካም፣ የተጀመረ ጭቅጭቅ እንኳ ጧፏ እስክታልቅ ይቆያል። ሥርዓቱን ያወጣችው የኔነሽ ናት። ባሏ ቁጡ ስለነበሩ «በቀን አንዴ እንኳ ልረፍበት» ብላ ነው ያወጣችው። ቄሱም እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ አክብረውላታል።

ክንዱ የሚባለው የመብራት ሠራተኛ ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ሲዘረጋ ውሎ፣ ልክ በዚያች ሰዓት ማብሪያውን ተጫነው። ቤቱ በነጭ ብርሃን ተጥለቀለቀ። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የጣሪያው ጥቀርሻ፣ በቄሱ ጉንጭ ላይ የወረደው እንባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ክንዱ ፈገግ አለ። ጎንበስ ብሎም ጧፏን እፍ አላት።

«ምን አደረግህ?» አሉ ቄሱ።

«መብራት መጣ እኮ አባ! ከእንግዲህ ይቺ ምን ትሠራልዎታለች?»

ጧፍ በጣት ይጠፋል እንጂ በትንፋሽ አይጠፋም፣ ያውም ለሟች የበራች። ይህን የማያውቅ የጋይንት ልጅ የለም። ክንዱም የጎረቤቷ የሲማዳ ልጅ ነውና ያውቀዋል። ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታለፍለት ነበር።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «እግርህ ይህን ደፍ ዳግመኛ ቢረግጥ ገዝቼሃለሁ! ውጣ!»

የሻረግ በዚያች ሰዓት ጠላችው። ከልቧ ጠላችው።

ነጩ አምፖል ግን ተሰቅሎ ቀረ። ቤቱ የጤና ጣቢያ ኮሪደር መሰለ። ቄሱ ገና ሲመሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጡና ጨው በዛ፣ ውኃ አነሰ፣ ማን ሣቀ እያሉ ይቆጣሉ። ሊማሩ የሚመጡት ዲያቆናት ቀስ በቀስ እግራቸውን ሰበሰቡ። የሻረግም አንደኛ ደረጃ ታስተምራለችና በልጆች ጩኸት ስትደበደብ ውላ ትመጣለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ያ ብርሃን ግንባሯን ይወጋታል። አባትና ልጅ ለአንድ ብርጭቆ ውኃ የሚጨቃጨቁ ሆኑ። ጧፍ ያበራ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አምፖሉን ፈትታ ወደ ክንዱ የመብራት ዕቃ ሱቅ ወረደች።

«ተቃጠለ?» አላት።

«እኛ ነን የተቃጠልነው። ውሰድልኝ!»

«እህቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ በከተማው የለም። ለአባትሽ ክብር ብዬ ነው ትልቁን ያደረግሁት።»

«የእናቴን ጧፍ እፍ ያልከውም ለክብር ነው?»

ክንዱ ፊቱ ጠቆረ። «ሌላውን እንደፈለግሽ ስደቢኝ። ይህን ግን አታንሺብኝ።»

«አነሣለሁ! በየቀኑ እየመጣሁ አነሣብሃለሁ!»

ቃሏን ጠበቀች። በማግስቱ መጥታ መብራቱ አናት ላይ እንደሚጮህ ሰው መሆኑን ነገረችው። በሦስተኛው ቀን፣ እናቷ በነበረችበት ጊዜ ብርሃን ከመደቡ ጥግ ዝቅ ብሎ እየመጣ የሰው ፊት ብቻ ያሳይ እንደነበር ነገረችው። ነገረችው ማለት ጮኸችበት ማለት ነው። እሱም መለሰላት። ጎረቤት ሱቅ ያሉት ሰዎች ሥራ ፈተው ያዳምጡ ነበር። በአራተኛው ቀን ባትመጣ ክንዱ ሦስት ጊዜ ወደ መንገዱ አንገቱን አወጣ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ጎረቤቶቹ ግን ቆጥረውታል።

በአምስተኛው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ቢጫ አምፖል ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገላት።

«ይቺን ስቀዪና ተገላገይኝ።»

«ማን ይሰቅላታል? አንተ እንደሆንክ ተገዝተሃል።»

«አንቺ። እኔ በመስኮት እነግርሻለሁ። መስኮቱን አልገዘቱትም።»

ቄሱ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት የሻረግ በርጩማ ላይ ቆመች፤ ክንዱ ከመስኮቱ ውጭ ነፋስ ጃኬቱን እየገለበው ቆመ።

«ቆጣሪውን አጥፍተሻል?»

«አጥፍቻለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ብሞት ምን ገደደህ?»

ዞር ስትል ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም።

«ይገደኛል» አለ።

የሻረግ የያዘችው ሽቦ ተንቀጠቀጠ። ሽቦው ውስጥ መብራት ቢኖር ኖሮ በዚያ ታሳብብ ነበር።

ገመዱን ከጣሪያው መሐል አንሥታ ወደ መደቡ ጥግ እንድታወርደው፣ አምፖሏንም በእናቷ አሮጌ እንቅብ እንድትከልላት ነገራት። «ብርሃኑ ግድግዳውን ነክቶ ይምጣ እንጂ በቀጥታ ዓይን ውስጥ አይግባ» አላት። ስታበራው በእንቅቡ ስፌት መሐል ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ፈሰሰ። ስንጥቁም ጥቀርሻውም ወደ ጥላው ገቡ። የሻረግ ሳታስበው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ተንፍሳ አታውቅም።

«ይህን ከማን ተማርከው?» አለችው፤ ድምፅዋ ቁጣውን ረስቶታል።

«ካንቺ ነዋ። ስትሰድቢኝ ሰንብተሽ ብርሃኑ የት የት ላይ እንደሚያምሽ ነገርሽኝ።»

«እሺ፣ ያን ቀን ለምን እፍ አልካት?»

ክንዱ ዓይኑን ወደ ውጭ መለሰ። «ሲማዳ ሳለን ቤታችን በኩራዝ ተቃጠለ። እህቴ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚነድ እሳት ሳይ አፌ ይቀድመኛል። ፈገግ ማለቴም እፍ ማለቴም ከፍርሃት ነው።»

«ለአባቴ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ጥፋቴን በእህቴ ሞት ልሸፍን? አልፈልግም። ዝም በይ፣ አንቺም እንዳትነግሪያቸው።»

የሻረግ ያን ምሽት የእናቷን ሥርዓት መለሰችው። ስልኳን አጥፍታ ሌላ እንቅብ ውስጥ ጣለች፤ አባቷ ሲቆጡ ሦስት ጊዜ ቀስ ብላ ሳትተነፍስ ላትመልስላቸው ወሰነች። ቄሱ ገብተው ቆሙ። ቢጫውን ብርሃን አዩት፣ ተቀመጡ፣ ዳዊታቸውን ገለጡ። ጨው በዛ የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ሰላሙ ግን ሳምንት አልሞላም። ጎረቤታቸው ደጊቱ «ያ ጎረምሳ በመስኮት ሲያወራት ነበር» ብላ ነገረቻቸው። ቄሱ መዶሻ አምጥተው መስኮቱን በሚስማር ጠረቀሙት።

«መስኮቱ አልተገዘተም ብላችሁ ነው? በእናትሽ ላይ ከተነፈሰ ሰው ጋር!»

የሻረግ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ተነፈሰች። «እወደዋለሁ አባዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተባለውን እዚህ መጻፍ አይገባም። አምፖሏን ግን ቄሱ አልነኳትም።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አለ ክንዱ ለአባቷ ያለችውን በሰማ ጊዜ።

«ያባርሯቸዋል።»

«ያባርሯቸው። ተመልሰው ይሄዳሉ።»

«ክንዱ፣ ስማኝ። አባቴ ግዝቱን ካልፈቱልህ እኔ አላገባህም። አንተን በመውደዴ አላፍርም፤ በአባቴ ግዝት ላይ ግን ትዳር አልሠራም። የእሳቸውን ልብ መስበር አልችልም።»

«እኔስ ልብ የለኝም?»

«አለህ። ለዚህ ነው የማለቅሰው።»

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተባረሩ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ እሑድ አመሻሹ ላይ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ይሁኔ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ክንዱ በሩ ክፍት ሆኖ ከደፉ ውጭ ነፋሱ ላይ ቆመ። አንድ እርምጃ አልተጠጋም።

«ልጁ ጥፋቱን አምኗል፣ እግርዎ ላይ ሊወድቅ መጥቷል» አሉ አቶ ይሁኔ።

«ምኔ ላይ ነው የሚወድቀው? እግሬ ያለው እዚህ፣ እሱ ያለው እዚያ! የሚስቴን ጧፍ ያጠፋ ልጄን አያገባም። ሦስተኛ ጊዜ ነው፤ አራተኛ ብትመጡ እናንተንም ነው የምገዝታችሁ! ተነሡ!»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አንደኛው በቁጣ ጋቢውን አራገፈ። «እኛስ ሰው አይደለንም?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ባንዴ መጮኽ ጀመሩ።

የሻረግ ወደ ማብሪያው ሄዳ አጠፋችው። ቤቱ ደነገዘ። ክብሪት ጫረችና አንዲት ጧፍ አበራች።

ጩኸቱ በአንዴ ተቆረጠ። ቄሱ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። የቤታቸውን ሥርዓት እንግዳ ፊት ሊያፈርሱት አልቻሉም፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹም ቆመው ዝም አሉ።

የሻረግ ጧፏን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ደፉ ጋ ስትደርስ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች። ክንዱ እሳቱን አይቶ ወደ ኋላ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ከንፈሩ ሾለ። ሊመጣ ያለውን ትንፋሽ የሻረግ በዓይኗ አየችው። ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀች። ክንዱ አፉን ገጠመ፣ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ተነፈሰ፣ ጧፏን ተቀበላት።

ነፋሱ መጣ። ክንዱ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ በሌላው እጁ መዳፍ ከለላት። ሰሙ በጣቶቹ መሐል እየወረደ ደረቀ፣ እንደገና ወረደ። ጧፏ አጠረች፣ አጠረች፣ ጣቱ ሥር ደረሰች። ክንዱ አልጣላትም። መጨረሻ ላይ ብቻ በሁለት ጣቱ ጨብጦ አጠፋት።

አሁን መናገር ይቻላል።

ቄሱ ተነሥተው እስከ ደፉ መጡ። «እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋላቸው። ጣቶቹ ቀልተው አብጠዋል።

«ለምን አልጣልካትም?»

«አንዴ አጥፍቼብዎታለሁ አባ።»

«እሳት የምትፈራ ትመስላለህ።»

ክንዱ ወደ የሻረግ አየ። እሷም «ንገራቸው» እንደማለት አንገቷን ነቀነቀች። «እህቴ በእሳት ነው የሞተችው» አለ። «ያን ቀን ልነግርዎ አፈርሁ።»

ቄሱ ያበጡትን ጣቶች በመዳፋቸው ያዙ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ሰብለ።»

«የክርስትና ስሟን ነው የምልህ። በምን ብዬ ልጸልይላት?»

የክንዱ ዓይን ሞላ። «ወለተ ኪዳን» አለ።

«ወለተ ኪዳን» ብለው ደገሙት። መስቀላቸውን አወጡና ግንባሩን አሳለሙት። «እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ክንዱ እዚያው ውጭ ቆሞ ቀረ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ተቆጡ ቄሱ። «ግባና በሩን ዝጋው፤ ነፋስ ይገባል።»