ጠረጴዛው ሥር ያለው ፕላስተር

ሽመላ በቀትር መጣ። ጫማውን ከቤተ ሙከራው ደጃፍ አውልቆ ነጠላ ጫማ አጠለቀ።

«እዚህ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። «ዕቃው አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

የመለሰችለት ሴት የምስጢር ስሟ ድንቢጥ ነው። በጃፓኗ ፁኩባ ከተማ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ መስላ ሁለት ዓመት የከረመችው በስለላ አለቃዋ በሽመላ ትእዛዝ ነው። የራሷ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፤ የዚህ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የነበረውን ወንድሟን ሬንጂን ከደረጃ ላይ ገፍትሮ የገደለውን ማግኘት። ተንሸራቶ ሞተ ተባለ። ሞኝሽን ፈልጊ!

ሬንጂ የደበቀውን ሥራ ዛሬ አግኝታዋለች። በታሸገ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ስስ የማግኔት ገለፈት ነው። ያለ ባትሪ፣ ብርሃን ብቻ ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ይፈስበታል። በዓለም ላይ ያለው ይኸው አንድ ብቻ ነው።

«ሳላይ አልወስድም» አለ ሽመላ።

መብራቱን አጠፋች፤ ክፍሉ መስኮት ስለሌለው ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ከሣጥኑ ጋር የተያያዘው የኤሌክትሪክ መለኪያ መርፌ ዜሮ ላይ መቆም ነበረበት።

ተንቀጠቀጠ።

«የአየር መሳቢያ ፓምፗ መብራት ናት» አለ ሽመላ። በጨለማው ጎንበስ ብሎ፣ ከጠረጴዛው ሥር በግራ በኩል የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር ላጠና ትንሿን አረንጓዴ መብራት ሸፈናት። መርፌው ጸጥ አለ።

እዚህ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው ብሎ አልነበር?

ፕላስተሩን እዚያ የለጠፈው ሬንጂ ነው። ከእሱ ጋር እዚህ ጨለማ ውስጥ ያልቆመ ሰው አያውቀውም።

የገፈተርከው አንተ ነህ።

የእጅ መብራቷን ሣጥኑ ላይ አበራች። መርፌው ወደ ቀኝ ሄደ። ከሣጥኑ ሥር ያለውን ማግኔት ስትገለብጠው ወደ ግራ ዞረ።

«ወንድምሽ እጀ ወርቅ ነበር!»

«ልጠቅልልልዎ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሣጥኑን በጨርቅ ጠቀለለች። ገለፈቱ አየር ከነካው ሩብ ሰዓት አይቆይም። የሬንጂ ብቸኛ ሥራ! እጇ እምቢ አላት። ቢሆንም የሣጥኑን ማሸጊያ ላላ አደረገችው።

ተከትላው ወጥታ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የኑድል ሾርባ ቤት ተቀምጣ ጠበቀች። ሽመላ ሣጥኑን ይዞ፣ ጣቢያው በር ላይ ከቆመ ሁለት ሰዎች ያሉበት መኪና ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጠራ።

«መርፌው አልነቃነቅ አለ! ምን አደረግሽው? ሰዎቹ እኮ አይምሩኝም!»

«ገዢ እንዳለህ መች ነገርከኝ?»

«ድንቢጥ፣ እባክሽ! እህቴ!»

«የሬንጂ እህት ነኝ።»

ስልኩ ተቋረጠ። መኪናው ሄደ። ደስ አላት፤ በደስታዋም አላፈረችም። ከዚያ ሾርባው ላይ እንባዋ ጠብ ጠብ አለ።

ኪሷን ዳሰሰች። ከፓምፗ መብራት ላይ ልጣ የያዘችው ጥቁር ፕላስተር አለ። የሬንጂ እጅ ካረፈበት ነገር የተረፋት እሱ ብቻ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ከተሳፋሪው ጋር ተጋፍታ ገባች።