አረንጓዴ ካበራች

«አረንጓዴ ካበራች እንደ ልብሽ አውሪ፤ ቀይ ካበራች ግን አንድ ሰው መስመርሽ ላይ ጆሮውን ጥሏል ማለት ነው» አለ፣ ሰፈሩ ሽቦ እያለ የሚጠራው ስልክ ጠጋኝ። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለውን ዕቃ ስልኳ ጀርባ ላይ ለጠፈላት።

«በእርግጥ ትሠራለች?»

«እህትዬ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ዋስትና አላት!» አለ፣ የማን ዋስትና እንደሆነ ሳይናገር።

ልጅቷ አዲሱን የጆሮ ማዳመጫዋን በልዋጩ ሰጥታው ወጣች። ሌላ ምን ታድርግ? እናቷ ካረፈች ወዲህ የምትኖረው አክስቷ ዘንድ ነው። አባቷ ሌላ ከተማ ሹፌር ነው፤ በየምሽቱ ይደውላል፣ እሷም የሆዷን የምታጫውተው እሱን ብቻ ነው። ታዲያ «አባዬ፣ ካንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» ባለችው ማግስት፣ አክስቷ ቁርስ ላይ «ቤታችን ጠበበሽ አሉ» ብላ ኩም አደረገቻት። ያኔ ስልኬ ተጠልፏል ብላ ደመደመች።

ዕቃዋን ባስለጠፈች ማግስት ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ማንም በሌለበት የሜዳው ጥግ ቆማ ለአባቷ ደወለች። ልትፈትናት አንድ ውሸት አዘጋጅታ ነበር።

«አባዬ፣ ሂሳብ ወድቄያለሁ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ለማን እነግራለሁ፣ የኔ ልጅ? የእኔና የአንቺ ነው፤ እዚሁ ይቀበራል።»

መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንቺ ልጅ፣ ሂሳብ እንዴት ይወደቃል? አስጠኚ ልፈልግልሽ?» አለች።

ያን ውሸት ከፈጣሪ በታች የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አባዬ ነው የነገረሽ?»

አክስቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንቺ ስትዘጊ ወዲያው ለእኔ ይደውላል። ሁሌም።»

«ለምን?»

«መምጣትሽ አይመቸውም። ሐሳቧን አስቀይሪልኝ ይለኛል። እምቢ ባይዋ እኔ እንድሆንለት ነው።» ዐይኗን በክንዷ ጠረገች። «ክፉዋ እኔ ልሁን ብዬ ዝም አልኩ።»

የሽቦ ዕቃ ሠራች አልሠራች ለውጥ አልነበረውም። መስመሯ መሀል የገባ ጠላፊ ኖሮ አያውቅም።

ስልኳ ጮኸ። «አባዬ» ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኝታ ቤት ሮጣ በሩን ትዘጋ ነበር።

«ልውጣልሽ?» አለች አክስቷ።

«አይ፣ አክስቴ፤ ተቀመጪ።»

ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን በሁለታቸው መካከል አስቀመጠችው።

«የኔ ልጅ! ብቻሽን ነሽ?»

«ከአክስቴ ጋር ነኝ። አባዬ፣ እንድመጣ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

ከወዲያ በኩል ሳል ብቻ ተሰማ። ልጅቷ ልትጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።