ከአልጋዬ ጋር በቺንጋ ያሰርኩት የሕፃን አልጋ

ልጅህን ተኝተህበት ገደልከው ተባልኩ። ያሉኝ የሚስቴ እናት አዴ መርጊቱ ናቸው፣ ያሉትም ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ ነው። ልጁ የሠላሳ ስድስት ቀን ሕፃን ነበር።

አሁን የማጫውትህን ስታነብ ይሄ ሰውዬ መንፈስ አየሁ ጥላ አየሁ ከሚሉት አንዱ ነው እንዳትል። በሕይወቴ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ቃልቻ ሲሉኝ እስቃለሁ፣ ቄሱም ይሁን የሚስቴ ወገኖች ሰባኪ ስለ መናፍስት ሲጀምር ተነሥቼ እወጣለሁ። አምቦ ላይ እንጀራ የሰጠኝ ወፍጮ ነው፣ ወፍጮ ደግሞ ሞተሩ ከተነሣ ይፈጫል፣ ካልተነሣ አይፈጭም፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጥህ ቻለኝ፣ ነገሩ ግን የሆነ ነው፣ እመነኝ።

ሴትዮዋ ያሉት እንዲህ ነው፦ «የወፍጮ ሰው እንቅልፉ ድንጋይ ነው፣ ጆሮውም ሞቷል፣ ልጁ ከሥሩ ሲታፈን የት ሰምቶ!» ስለ ጆሮዬ አልዋሹም፣ ሞተሩ ግማሹን በልቶታል። ሌላውን ግን ስማ። ልጁ የተኛው በእኔና በባለቤቴ በአስቴር መካከል ነበር፣ ንጋት ላይ ስነቃ ቀዝቅዟል፣ እኔ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቻለሁ፣ በእኔና በእሱ መካከል አንድ ክንድ ሙሉ ቦታ አለ። ይህን ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ለማንም ያልተናገርኩት፣ ለአንተ የምነግርህ፣ ከዚያ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንደተገላበጥኩ የማላውቅ መሆኔን ነው። ተኝቶ ያደረገውን የሚያውቅ ማን አለ?

ከዚያ ወዲያ ሕፃን ያዘለች ሴት እህል ልታስፈጭ ስትመጣ ቁናዋን አስቀምጣ ራቅ ብላ ትቆም ጀመር። አንዳቸውም ምንም አላሉኝም። ባሉኝ ይሻል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አስቴር ፀነሰች። እንደ አገሩ ልማድ ልትወልድ እናቷ ቤት ሸነን ሄደች፣ ሸነን ደግሞ መኪና የሚገኘው ለገበያ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሄደች ማለት ሄደች ማለት ነው። አዴ መርጊቱ በሹፌር ቃል ላኩብኝ፦ «ልጁ የሚተኛበትን በዓይኔ ሳላይ አራሷ ከቤቴ አትወጣም።» አየህ፣ ዳኛም ምስክርም እሳቸው። እኔም በእልህ፣ በአምቦ ምድር አንድም ሰው እንከን የማያወጣለት የሕፃን አልጋ እሠራለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄጄ ድሬሰሩን ጠየቅኩት፣ የሚለውንም በሲጋራ ወረቀት ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ ሕፃን ከእናቱ አጠገብ ይተኛ፣ ግን በራሱ ቦታ፤ ፍራሹ ጠንከር ይበል፤ ትራስ አይግባ፤ ፊቱ ላይ ጨርቅ አይምጣ። ከዚያ ገበያ ወጥቼ ቅርጫት አየሁ፣ ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ለጉንዳን የተዘረጋ ገበታ ነው። ጎረቤቴ እንደምታደርገው በነጠላ ከወራጁ ላይ ማንጠልጠልም አሰብኩ፣ ነገር ግን ገመድ ያልቃል፣ ጭስም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ወደ ሌላ አውራጃ የተዛወረ አንድ ሹም ጎማ ያለው የብረት አልጋ ይሸጥ ነበር፣ ሰው ሁሉ ግዛ ግዛ አለኝ፣ በብረቶቹ መካከል ጡጫዬን ባስገባው ሰተት ብሎ ገባ፤ የሕፃን አካል በዚያ ሾልኮ ጭንቅላቱ ቢቀርስ? ቀለሙም ይላጣል፣ ሕፃን ደግሞ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ተውኩት።

የቀረኝ አናጢው ኦቦ ቶሎሳ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ክፉ ቀልድ ይቀልዳል፣ እጁ ግን አይዋሽም።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ የሕፃን አልጋ ይሥሩልኝ።»

«እሰይ! መቼ ተወለደ?»

«ገና ነው።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ላልተወለደ ልጅ አልጋ? ያ ዋቃ! ሰው ሳይመጣ መቀመጫ ከሳብክለት ሌላ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ አላሉህም?»

«እኔ አልጋ ነው ያልኩት፣ መቀመጫ አላልኩም።»

«ወፍጮው ጆሮህን ብቻ የፈጨው መስሎኝ ነበር» ብሎ ሳቀ።

ከኪሴ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። «ይሄ በርብራቡ መካከል ማለፍ የለበትም።»

«አሃ፣ ጠርሙስ ነው የምትወልዱት!»

ሳቀም አልሳቀም ሠራው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል፣ ስለዚህ ዋንዛ አደረግነው። ርብራቡ ጠርሙስ አያሳልፍም። ጎማ የለውም፣ አራት ወፍራም እግር ነው። ሦስት ጎኑ ግድግዳ ነው፣ አራተኛው ክፍት ሆኖ ከእኛ አልጋ ጋር ትክክል ይገጥማል፣ እናት ሳትነሣ እጇን ሰድዳ ልጇን ትስባለች፣ ከአባት ግን ይጠበቃል። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ክፍተት እንዳይፈጠር አሮጌ የወፍጮ ቺንጋ አመጣሁና ቋሚውን ከቋሚው ጋር ጠፍሬ አሰርኩት፤ ያ ጎማ ሞተር የሚጎትት ነው፣ አይላላም። የጤፍ ጭዱን ፍራሽ ጠቅጥቄ ሞላሁት፣ አንሶላውን ወጥሬ አለበስኩት፣ እመነኝ እንደ ከበሮ ነበር።

በዚያው ምሽት ቺንጋው ሲጥ ሲጥ አለ። አዲስ እንጨት እየደረቀ ነው ብዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ነው ትንፋሽ የሰማሁት። የጎረቤቴን ውሻ የማልሰማ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነፋስ ካላመጣልኝ የሚያመልጠኝ ሰው፣ ትንፋሽ ሰማሁ። የአዋቂ አይደለም። ፈጠን ፈጠን ይላል፣ ከዚያ ጸጥ፣ ልብህ እስኪቆም ድረስ ጸጥ፣ ከዚያ እህ ብሎ እንደገና ይቀጥላል። ልጅ ያስተኛ ሰው ያውቀዋል። ክብሪት ጫርኩ። አንሶላው እንደተወጠረ ነው፣ ማንም የለም። ክብሪቱ ሲጠፋ ቀጠለ።

በማግስቱ በር ቆልፌ ሥራ ገባሁ፣ ለምሳ ስመለስ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የተወጠረው አንሶላ መካከሉ ጎድጉዷል። የመዳፌን ያህል፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ትንሽ ክብ። እጄን አሳረፍኩበት፣ ሞቀኝ። ድመት ነው አልኩ፣ ድመት የለኝም፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ፍራሹን ገልብጬ፣ ጭዱን እንደገና ጠቅጥቄ፣ አንሶላውን ወጥሬ ሄድኩ። ማታ ስመጣ እንደገና ጎድጉዷል፣ እንደገና ሞቃት ነው።

ምን አደረግህ ትለኝ ይሆናል። ምንም። ማንን ልጥራ? ልጁን ተኝቶበት ገደለ የተባለ ሰው ቤቴ ውስጥ የሕፃን ትንፋሽ ይሰማኛል ቢል ምን እንደሚሉት አንተው አስበው። አንድ ነገር ደግሞ ልመንልህ፣ ከወፍጮ ቤት ቀደም ብዬ መውጣት ጀመርኩ። ሰላም የሚለኝ በሌለበት ከተማ፣ ሚስቴም በሌለችበት ቤት፣ አጠገቤ የሚተነፍስ ነገር ነበረ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ፣ ሳልገላበጥ ለመንጋት እሞክር ነበር።

መጋቢት ሲጋመስ ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ፣ «እንኳን ደስ አለህ፣ ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው» አለኝ። ለካ የምትመጣው ልጄ ነፍስ ናት ቀድማ ቤቷን የምታየው የሚል ሐሳብ ይዤ ኖሬአለሁ፣ ያን ጊዜ ነው ለራሴ የታወቀኝ። ማታ ጆሮዬን ደገንኩ። ትንፋሹ እንደ ትናንቱ ነው፣ ፈጠን ፈጠን፣ ጸጥ፣ እህ። ልጄ ሸነን እናቷ ጡት ሥር ነች። እዚህ ያለው ታዲያ ማን ነው?

አዴ መርጊቱ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከገበያተኛ ጋር መጡ። ሰላምታም ሳያስረዝሙ ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡ። አልጋውን ነቀነቁት፣ አልተነቃነቀም። ርብራቡን በጣታቸው ለኩ። ቺንጋውን ሳቡ። ከዚያ ጥግ ላይ የረሳሁትን ጠርሙስ አነሡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መለኪያ ነው።»

«የማን መለኪያ? የሰካራም?»

«የርብራቡ፣ አዴ።»

አገላብጠው አዩትና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። «አልጋው እንከን የለውም። እንከኑ ከጎኑ የሚተኛው ነው።» ይህን ፊቴ ላይ! «ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። የአንተንም እንቅልፍ እሰማዋለሁ።»

እኔ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኛሁ፣ እሳቸው ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ፣ መካከላችን መጋረጃ ነው። ረጅም ጸሎት ጸለዩ፣ በጌታ ስም እያሉ፣ ከዚያ ጸጥ አሉ። ስለ ትንፋሹ አልነገርኳቸውም። ለምን እነግራቸዋለሁ?

ሊነጋጋ ሲል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ኡሩሩ፣ ኡሩሩ ይላል፣ እንደ እሹሩሩ። መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ቀኝ እጃቸው ሕፃኑ አልጋ ውስጥ ገብቶ ቸብ ቸብ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ፣ የልጅ ጀርባ እንደሚመታው።

«በቀለ» አሉኝ ሳይነቁ፣ «ልጁ ርቦታል፣ አስቴርን ጥራልኝ።»

«አዴ፣ አስቴር ሸነን ናት።»

እጃቸው ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ። ባዶውን አልጋ አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ እጃቸውን ግን ወዲያው አላወጡም፤ ሲያወጡትም እንደ ፈራ ሰው አይደለም፣ ጣታቸውን ከአንድ ነገር ውስጥ በዝግታ እንደሚያላቅቅ ሰው ነው። ከዚያ ተነሥተው ተቀመጡ፣ ውኃ ስጠኝ አሉ፣ ጠጡ።

«ምን አዩ?» አልኳቸው።

«ምንም አላየሁም። ጣቴን ያዘኝ።»

ሌባ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠውታል።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አልጋው ከመጣ ጀምሮ።»

«አንተስ እዚህ ነው የምትተኛው? እሱ አጠገብ?»

«ሌላ የት ልተኛ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢፈራህ ኖሮ አጠገብህ አይተኛም ነበር» አሉ። ከዚያም «ሽማግሌ ጥራ» አሉኝ።

ከገበያ በፊት ኦቦ ቶሎሳንና ሁለት የሰፈር አባቶችን ሰበሰብኩ። አዴ መርጊቱ ቆመው፣ «በዚህ ሰው ላይ የተናገርኩትን ቃል አንስቻለሁ። ልጁን የሰጠው ጌታ ወሰደው» አሉ። ኦቦ ቶሎሳ፣ «ያወቁት አዲስ ነገር አለ ወይ?» ቢላቸው፣ «አለ፣ የራሴ ነው» ብለው አፉን አስያዙት። ቃሉን በወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም፣ እሳቸው የጣት አሻራ አደረጉ፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፦ ሕፃኗ በዚያኛው አልጋ እንዳትተኛ፣ ያም ከአልጋዬ እንዳይፈታ፣ ለእሷ ሌላ ይሠራላት።

ኦቦ ቶሎሳ በዚያው ልክ ሌላ ሠራ፣ የእኛን ከነባዶው ከግድግዳው ገፋ አድርገን በዚያ በኩል አስገባነው፣ አስቴርም ልጃችንን ይዛ ገባች። አሁን አስቴር ከወዲያ፣ ልጅቷ በእሷ በኩል፣ እኔ ከወዲህ፣ በእኔ በኩል ባዶው ነው። አስቴር ስለ እሱ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ፊቷን ወደዚያ አዙራ ነው የምትተኛው። ሴቶቹ ወፍጮ ቤት ይጠጉኛል፣ ሰላም ይሉኛል። ግን ወዳጄ፣ ያ የሴትዮዋ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጅ የማይፈራህ ምንም ስላላደረግከው ነው፣ ወይስ አድርገህበትም ይቅር ስላለህ? አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። በግራ ጆሮዬ፣ በሞተው፣ ፈጠን ፈጠን ይላል፣ ከዚያ ጸጥ፣ እኔም አብሬው ትንፋሼን ይዤ እስኪቀጥል እጠብቃለሁ።

ወረቀቱ ግን ሳጥኔ ውስጥ አለ። ጉዳዩ ያለቀው ቅዳሜ፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ነው።