ካርታው ላይ የቀረው ቤት

መንፈስ ምናምን ሲባል ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እመነኝ፣ ፒያሳ ተወልጄ አድጌ በእንዲህ ያለ ወሬ አልሸወድም እል ነበር።

የምሠራው አራት ኪሎ፣ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ የመንግሥት ሰነዶች ክፍል፣ አዋጁም ደንቡም የድሮ የከተማ ካርታውም እኛ ጋ አለ፣ ተማሪ ሆንክ አልሆንክ መታወቂያህን ባንኮኒው ላይ አስይዘህ ማየት መብትህ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ እማማ አስካለ ግን ያውቃሉ።

እማማ አስካለ ዕድሜያቸውን የኖሩት እሪ በከንቱ ነው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡና «ካርታዬን ዘርጋልኝ» ይሉኛል፣ መነጽራቸውን ጠርገው ከወንዙ በላይ ያለችውን ትንሽ ቤት በጣታቸው ይነካሉ። ልጃቸው ብሩክ ለውትድርና የተወሰደው ከዚያች ቤት ነው፣ እኔ ሳልወለድ፣ በዚያው ቀረ። መርዶ አልመጣ፣ እሳቸውም ለቅሶ አልተቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ብሩኬ እኮ ሌላ ቤት አያውቅም፣ ቢመጣ ወዴት ይሂድ? ካርታውን አሳየውና ያለሁበትን ንገረው» ይሉኛል። እሺ እላለሁ፣ ሌላ ምን ይባላል? አንጀቴን ይበሉታል።

ባለፈው ክረምት ነው፣ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ሄዷል፣ ተማሪዎቹም ወጥተዋል። ኮሪደሩ ላይ የእርጥብ እግር ኮቴ ሰማሁ፣ ቀና ስል አንድ ወጣት ባንኮኒው ጋ ቆሟል፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ ከፀጉሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«የእሪ በከንቱን ካርታ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«መታወቂያ?»

«እቤት ረስቼው።»

በዚያ ዝናብ እንዴት ልመልሰው፣ ዘረጋሁለት። ወዳጄ፣ ሳይፈልግ ሳያማትር ጣቱን ቀጥ አድርጎ እዚያችው ቤት ላይ አሳረፈ። «እማማ አስካለን ታውቃቸዋለህ እንዴ?» አልኩት። አድራሻቸውን ልጽፍለት እስክሪብቶ ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል የለም።

ሮጬ ወጣሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ኧረ ከምሳ ወዲህ የገባ ሰው የለም፣ ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ተመልሼ ካርታውን ብነካው ያቺ ቤት የጣት ያህል ርሳለች።

እማማ አስካለ ጋ ደወልኩ፣ አንድ ሰው መጥቶ ቤትዎን ጠየቀ አልኳቸው።

«ሸብቷል?» አሉኝ፣ «አሁን እኮ ትልቅ ሰው ነው የሚሆነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል?»

እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?

«አዎ እማማ፣ ሸብቷል።»

«ተመስገን!» ብለው አለቀሱ፣ እኔም ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

ክረምቱ ወጥቶ ካርታውን ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር፣ ያቺ የጣት ቦታ ግን እስከ ዛሬ አልደረቀችም። እማማ አሁንም ይመጣሉ፣ ጣታቸውን እዚያች ላይ ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ዘወር ብለው የረጠበውን ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ያለሁበትን ንገረው» ግን ከዚያ ወዲህ ብለውኝ አያውቁም።