ያልነበረው ስድስተኛ ልብ

ሰዓት ሠሪውን ከካርድ ጠረጴዛው ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ያገኘችው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ናት። አንኳኩታ መልስ ስታጣ፣ በትርፍ ቁልፏ ከፍታ ከመግባቷ በፊት ክፉው ነገር ታይቷት ነበር። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ በአጠገቡ የሻይ ብርጭቆ አለ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳየች አታስታውስም።

ፖሊስ ክፍሉን ዘጋው። በሻዩ ውስጥ ለሟቹ ሐኪም ያዘዘለት የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ የአራት ተጫዋች ካርድ ተዘርግቷል፤ ሰው የተቀመጠበት ወንበር ግን አንድ ብቻ ነው። ብቸኛ ሰው የአራት ሰው ጨዋታ ለብቻው ተጫውቶ በገዛ እጁ ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ከማንም በላይ አመነች። ቤቷን ዘግታ ሌላ ከተማ ወዳለችው ልጇ ጠቅልላ እንደምትሄድ በዚያው ሳምንት ለሰዓት ሠሪው ነግራው ነበር። እሱ ቀና ሳይል «ደግ አደረግሽ» ብሎ ሰዓት መፈታታቱን ቀጠለ። አሁን ያቺ አንዲት ቃል ጆሮዋ ላይ ተቀምጣ አልወርድ አለች። እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች እህል አልዋጥላት፣ መርፌም ከእጇ አልገባ አለ።

መርማሪዋ የልብስ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣች። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት። ጥቂት ጠየቀች፣ ብዙ ሰማች። ብሪጅ የሚባለውን ሁለት ለሁለት የሚገጥሙበት የካርድ ጨዋታ የሚጫወቱት አራት ነበሩ፤ ሰዓት ሠሪውና ልብስ ሰፊዋ አጋሮች፣ ታች ቤት ያለው ፋርማሲስትና የሟቹ የእህት ልጅ ደግሞ ተቃራኒዎች። የእህት ልጁ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የሚኖረው በአጎቱ ቤት ነው። መንገድ አድሬ የመጣሁት ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ነው ብሏል። ፋርማሲስቱ ቤቴ ነበርኩ አለ፤ መድኃኒቱን የሸጠው እሱ ስለሆነ ግን ሰፈሩ ጣቱን ቀስሮበታል።

«እትዬ፣ እኔ ካርድ አላውቅም» አለች መርማሪዋ ፎቶግራፍ እያወጣች። «ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ማየት አልፈለገችም። ቢሆንም አየች። በሟቹ ፊት ጨረታውን፣ ከጨዋታው በፊት ተራ በተራ የሚባለውን ጥሪ፣ የሚያሳዩ ሁለት ትንንሽ ካርዶች ተቀምጠዋል፤ መጀመሪያ አንድ ልብ፣ በአጋሩ ባዶ ቦታ አንድ ጦር ከተባለ በኋላ ደግሞ ሁለት ልብ። ለእሱ ከደረሱት ካርዶች፣ ‹እጅ› ከሚሉት፣ ልቦቹን ቆጠረች። መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ቆጠረች።

«ይሄ የሱ ጨረታ አይደለም።»

አጋሮች ስለ ካርዳቸው መነጋገር ስለማይፈቀድላቸው በጨረታው ነው የሚግባቡት ብላ አስረዳቻት። አንድ ልብ ብሎ የከፈተ ሰው አምስት ልብ አለኝ ማለቱ ነው። ልቡን ከደገመው ስድስተኛ አለኝ ብሎ ቃል መግባቱ ነው። ስድስተኛ ከሌለው ሌላ የያዘውን ያሳያል። ይህ እጅ አምስት ልብና አራት አበባ፣ ያቺ ባለሦስት ቅጠል ጥቁሯን ካርድ፣ ይዟል፤ ስለዚህ ሁለት አበባ ማለት ነበረበት።

«ጭንቀት ላይ የነበረ ሰው አይሳሳትም?»

«ትኩሳት እያንቀጠቀጠው እንኳ አልተሳሳተም፣ ልጄ። እኔ አንድ ቀን በአምስት ብደግም ስንት ወር ሲያላግጥብኝ ኖረ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚደግመው?»

«ሁለቱም። ፋርማሲስቱ ሲረሳ፣ የእህቱ ልጅ ደግሞ እልህ ሲይዘው። አጎትየው ‹ሰምተንሃል፣ አንዴ ይበቃል› ይለው ነበር፤ ልጁ ፊቱ ይቀላል።»

መርማሪዋ ስለ ፎቶው ለማንም እንዳትተነፍስ አደራ አለቻትና ሄደች።

በማግስቱ ሦስቱን በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ካርዶቹ ተነስተው ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የተለመደ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ላለማየት መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«በሩ አልተሰበረም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስለዚህ ገዳይ ካለ፣ ሟቹ ሻይ አብረውት የሚጠጡት ሰው ነው። ካርዱ የተዘረጋው ብቻቸውን ነበሩ እንድንል ነው። ግን ጨረታው አምስት ልብ ብቻ ይዞ ልብ የደገመ ሰው ጨረታ ነው። እሳቸው ይህን አያደርጉም። ስለዚህ የዘረጋው ሌላ ሰው ነው፤ ብሪጅም ያውቃል።»

ፋርማሲስቱ ላብ አጠመቀው። መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ለራሱ ለሟቹ እንደሸጠ፣ ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት እንዳልረገጠ መማል ጀመረ። መርማሪዋ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«ማንም ይሁን ማን፣ መናኛ ተጫዋች ነው» አለች ወደማንም ሳታይ። «ትናንት የተማርኩት እኔ እንኳ ያን እጅ ይዤ ልብ አልደግምም።»

ሾፌሩ ሳቀ። እስካሁን «እርስዎ» ሲላት የነበረውን ረሳው። «በአንድ ቀን አስተማሪ ሆንሽ? አራት ኮሳሳ አበባ አሳይቶ ምን ሊረባው? ልቡ ይሻላል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስለ አበባ እዚህ ያነሳ የለም» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ፎቶውን ከእኔና ከእትዬ በቀር ያየ የለም። አንተ ደግሞ የመጣሁት ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ነው ብለሃል። አራት አበባ መኖሩን የሚያውቀው የዘረጋው ሰው ነው።»

ሾፌሩ በሩን አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ትከሻው ወረደ።

«ሞቶም ያርመኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም፤ መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ የጨመረው እሱ እንደሆነ ተናገረ። አጎቱ ቤቱን ሊሸጥ ነበር። የት ልውደቅ ሲለው፣ ወጣት ነህ፣ ሥራ አለህ ብሎ መለሰለት። ተወልዶ ያደገበት ቤት ነው፤ ሌላ ቤት አያውቅም። ይህን ብሎ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«እርስዎን ተከትሎ ሊሄድ እኮ ነው፣ እትዬ። እዚያው ልጅዎ ያለችበት ከተማ ክፍል እያፈላለገ ነበር። ‹ሳላገኝ አልነግራትም፣ ተስፋ ሰጥቼ እንዳላሳፍራት› አለኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። መርማሪዋ ወረቀቷን ሰብስባ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ቆመች።

«እርስዎ አልገደሏቸውም፣ እትዬ። አሁን እንቅልፍ ይወስድዎታል።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ልትሰማ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ሰማችው። የቀረውን ባትሰማው ይሻላት ነበር።

ቤቷ እንደገባች ልጇ ደወለች። አልጋው መነጠፉን፣ አውቶቡስ ጣቢያ መጥታ እንደምትቀበላት ነገረቻት። ሻንጣ የሚያግዛት ሰው ይኖር እንደሆነም ጠየቀቻት።

«ብቻሽን ነሽ የምትመጪው፣ እማ?»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዞረች።

«አዎ» አለች። «ብቻዬን ነኝ።»