አሥረኛዋ ጎብኚ

እትዬ ቀስ የሞቱት የማንበቢያ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ነው። ይህን ልብ ያለችው መርማሪዋ ብቻ ነበረች፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያየው መሰላሉን ነው። መሰላል ደግሞ ሰው ከሥሩ ወድቆ ከተገኘ፣ ማንም ሳይጠይቀው ይመሰክራል፤ «ከእኔ ላይ ነው የወደቀችው» ይላል፣ ሁሉም ያምነዋል።

አዳራሹ የአንድ ሰፈር የሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። ሃያ ሁለት ሥዕሎች ተሰቅለውበታል፤ ሁሉም የመስኮት ሥዕሎች ናቸው። ኤግዚቢሽኑ ዛሬ ስለሚያበቃ ለከሰዓቱ የመዝጊያ ውይይት አርባ ወንበሮች ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ የጠባቂዋ፣ የእትዬ ቀስ፣ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ የአስተያየት መዝገብ፣ ከጎኑ ቅርጻ ቅርጽ የሚቀመጥበት የሲሚንቶ መደብ። አሮጊቷ የወደቁት እዚያ ነው፤ የጭንቅላታቸው ጀርባ የመደቡን ጠርዝ መትቶ። መሰላሉ ከአጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፏል፤ ከመሰላሉ ራስ በላይ የተቃጠለ አምፖል አለ። እዚያ ቦታ ተሰቅሎ የነበረው ሰባተኛው ሥዕል ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ራቅ ብሎ ቆሟል። ማዕዘኖቹ ወለሉን እንዳይነኩ አንድ ሰው ከሥራቸው ብሮሹር አጣጥፎ አድርጎላቸዋል።

«እትዬ ቀስ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የማዕከሉ ሰዎች ናቸው። ሥዕል ሊነካ የሚጠጋውን ሁሉ «ቀስ፣ የኔ ልጅ፣ ቀስ» ስለሚሉ ነው። መርማሪዋም በፖሊስ ጣቢያዋ ቅጽል ስም አላት፤ «ወይዘሪት ለምን» ይሏታል፣ በሌለችበት። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ማታ ቤት ስትገባ «እንዴት ዋልሽ» የሚላት ሬዲዮው ነው።

«አሳዛኝ አደጋ ነው» አለች የማዕከሉ ዳይሬክተር፣ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ። «አምፖል ሊቀይሩ ወጥተው ወደቁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ስገባ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ምርመራውን ቶሎ ብንጨርስ ደስ ይለኛል፤ አሥር ሰዓት ላይ እንግዶች አሉን።»

«ስንት እንግዶች?»

«አርባ ወንበር አዘጋጅተናል።»

«ወንበር አልጠየቅሁም።»

ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኤግዚቢሽኑ ጥሩ ተቀባይነት ነበረው። መዝገቡን ይዩት፤ አርባ ሦስት አስተያየት አለ።»

«አያለሁ። ጠዋት ማን ማን ይገባል?»

«የውጭው በር እስከ ሦስት ሰዓት እንደተቆለፈ ነው። ቁልፍ ያለን አራት ነን፤ እሳቸው፣ እኔ፣ አናጢያችንና ሠዓሊው። ለሠዓሊው ጓሮ ውስጥ የመሥሪያ ክፍል ሰጥተነዋል።»

መርማሪዋ ወደ ተቃጠለው አምፖል ቀና አለች። «አዲሱ አምፖል የታለ?»

«የቱ አዲስ?»

«ሊቀይሩበት የወጡት።»

መርማሪዋ መልስ ሳትጠብቅ ተንበርክካ ጠረጴዛው ሥር ታይ ጀመር። እዚያ ክዳን የሌለው አረንጓዴ እስክሪብቶ ወድቋል። በመሐረብ አነሣችው። ከሟቿ ሽርጥ ኪስ ደግሞ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥቁር እስክሪብቶና አንድ ብቸኛ አረንጓዴ ክዳን ተገኝቷል። ጠረጴዛው ላይ በአውራ ጣት የምትጫን፣ ጎብኚ የምትቆጥር ትንሽ ማሽን ነበረች። 0009 ትላለች።

አናጢውን በወርክሾፑ አገኘችው። ጠና ያለ ሰው ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወልቅ ጋሽ ሜትር ይሉታል። ሥዕል የሚሰቅል፣ ፍሬም የሚሠራ፣ አምፖል የሚቀይር እሱ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሜትሩን እየሳበ እየለቀቀ ያለቅሳል።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አላት ገና ስትገባ።

መርማሪዋ በሩን ዘጋችና ከፊቱ ተቀመጠች። «እንዴት አድርገው ገደሏቸው፣ ጋሼ?»

«ትናንት አምፖሏ ተቃጠለች፣ ቀይርልኝ አለችኝ። ‹ነገ› አልኳት። ነገ! ምላሴን ምነው በቆረጠው! ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብትለምነኝ ነገ ብያት አላውቅም። ዛሬ ተናዳብኝ ራሷ ወጣች። ያ መሰላል የእኔ ነው፤ ደሟም የእኔ ነው።»

«መሰላል ይወጡ ነበር?»

«እሷ? በዚያ ጉልበቷ? የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ እንኳ የምቀይርላት እኔ ነኝ። ዳይሬክተሯም ታውቃለች፤ ደረጃ አትወጣም ብላ ነው ወንበሩን በር ላይ ያደረገችላት። ግን እልኸኛ ናት።» ከዚያ «ነበረች» አለ።

«አምፖሎቹን ያሳዩኛል?»

ካርቶኑን ከመደርደሪያ አወረደ። አሥራ ሁለቱም ከነማሸጊያቸው አሉ። አሳያትና መልሶ አስቀመጠው፤ ምን እንዳሳያት አልገባውም። ሰው በራሱ ላይ ከፈረደ በኋላ ማስረጃ በእጁ ቢይዝ እንኳ አያየውም።

«ሥዕል ከግድግዳ ሲያወርዱ እንዴት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ጀርባውን ወደ ግድግዳ፣ ፊቱን ወደ እኔ። ከሥሩ ስፖንጅ አደርጋለሁ። ቀለሙ ግድግዳ ከነካማ አለቀለት!»

«እሳቸውስ?»

«ሥዕል በእጇ ነክታ አታውቅም። ሰውን ሁሉ ቀስ እያለች!»

«በሦስት ሳምንት ስንት ሰው መጣ?»

«ዘጠኝ። ከዘጠኙ ሁለቱ ሽንት ቤት ፈልገው ነው።»

«መዝገቡ ላይ ግን አርባ ሦስት ሰው ጽፏል።»

ጋሽ ሜትር ሜትሩን ለቀቀው። «ማንንም አልጎዳችም» አለ። «ሠዓሊው ልጅ ጠዋት ጠዋት እየመጣ መዝገቡን ይገልጥ ነበር። ባዶ ሲሆንበት ፊቱን አይታ አላስቻላትም፤ ራሷ ትጽፍበት ጀመር። በቃ፣ እኔም አየሁ፣ ዝም አልኩ።»

መርማሪዋ ወደ አዳራሹ ተመልሳ መዝገቡን ከአርባ ባዶ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ አነበበች። በሰማያዊ የተጻፉት አጫጭር ናቸው፤ «በጣም ያምራል፣ በርታ» ዓይነት። በጥቁር የተጻፉት ተማሪ የጻፋቸው ይመስላሉ። አረንጓዴው ግን ሌላ ነው። «ሰባተኛው ሥዕል ላይ መጋረጃው በአንድ ጎኑ ብቻ ለምን ተገለጠ? ማን ይሆን የሚጠበቀው?» ይላል። ከሥሩ ሠዓሊው በእርሳስ መልሷል፦ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴ ናት የምትጠበቀው።» በማግስቱ አረንጓዴው ጻፈ፤ ከዚያ እርሳሱ መለሰ። እንዲህ እያሉ ሃያ ቀን ሁለት ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ ተጨዋወቱ። የመጨረሻው ጽሑፍ የትናንት ነው፣ በእርሳስ፦ «ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። እባክዎ አንዴ እንኳ እንተያይ።» ቀጥሎ ያለው ገጽ ተቀድዷል። ወይዘሪት ለምን መዝገቡን ከዘጋች በኋላ ለጥቂት ጊዜ አልተነሣችም፤ የራሷ ቤት ትዝ ብሏት ነበር።

ሠዓሊው ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። የመሥሪያ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ብዙ ሸራዎች ቆመዋል፤ አንድም ፊቱን የሚያሳይ የለም፤ ሁሉም ወደ ግድግዳ ዞረዋል።

«ለምን አዞሯቸው?»

«እያዩኝ መሥራት አልችልም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ልማዴ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የዳይሬክተሯን ጩኸት ስሰማ ነው የወጣሁት። ምስኪን ሴትዮ፤ መሰላሉ ላይ እንዲህ ሲወጡ ሲወርዱ...»

«ሲወጡ አይተው ያውቃሉ?»

«አይ፤ ማለቴ፣ ይመስለኛል። ብዙ አልተነጋገርንም። በር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ሰው እዚያ የተቀመጠን ሰው መቼ ያያል?»

«መዝገቡን አነበብኩት» አለች መርማሪዋ። «በአረንጓዴ የሚጽፉት ሰው ዛሬ የሚመጡ ይመስልዎታል?»

«አይመጡም» አለ ወዲያው።

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አመስግናው ወጣች።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሦስት ሰዎች በአርባ ወንበር መሀል ተራርቀው ተቀመጡ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች፤ ሠዓሊው መሬት መሬቱን ያያል። መርማሪዋ በእትዬ ቀስ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«በመጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምነግርዎት፣ ጋሼ» አለች ወደ አናጢው ዞራ። «አልገደሏቸውም። መሰላሉም አልገደላቸውም። አንዴም አልወጡበትም።»

ጋሽ ሜትር ቀና አለ።

«አምፖል ሊቀይር የሚወጣ ሰው አምፖል ይይዛል። አሥራ ሁለቱም ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ራስዎ አሳዩኝ። መሰላል የሚወጣ ሰው የማንበቢያ መነጽር አያደርግም፤ እግሩን የሚያሳርፍበት ይጠፋዋል። እትዬ ቀስ ሲሞቱ እየጻፉ ነበር። የእስክሪብቶው ክዳን ኪሳቸው ውስጥ፣ እስክሪብቶው ጠረጴዛ ሥር ተገኝቷል። መሰላሉን ሌላ ሰው ነው በኋላ ያመጣው፤ ጉልበታቸው ደረጃ እንኳ እንደማይወጣ የማያውቅ ሰው። እናንተ ሁለታችሁ ታውቃላችሁ።»

ዳይሬክተሯ «አዎ» አለች በቀስታ።

«ያ ሰው መሰላሉን ለማስደገፍ ሥዕሉን ማውረድ ነበረበት። አጠገቡ ሰው ሞቶ፣ ማዕዘኖቹ እንዳይጎዱ ብሮሹር አጣጥፎ አደረገላቸው። ከዚያ ሳያስበው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ጋሼ እንዲህ አያስቀምጡም። ከእናንተ መካከል ሥዕል የሚያዞር አንድ ሰው ነው።»

ወደ ሠዓሊው ዞረች።

«ትናንት ‹እንተያይ› ብለህ ለመንክ» አለችው፤ አንቱታውን ትታው ነበር። «ዛሬ ብጠይቅህ ‹አይመጡም› አልከኝ። ይመጣሉ ብለህ በጉጉት መጠበቅ ነበረብህ። እንደማይመጡ ያወቅከው የአረንጓዴው እስክሪብቶ ባለቤት ማን እንደሆነ ስላየህ ነው።»

«ዘጠኝ ሰው!» አለ ሠዓሊው ድንገት። «ጠዋት ሲጽፉ ደረስኩባቸው፤ ማሽኗን አየኋት። ዘጠኝ! ሦስት እስክሪብቶ ይዘው እየቀያየሩ... ያ ሰው ለእኔ... በዚህች ዓለም ላይ ሥዕሌን ያየልኝ እሱ ብቻ ነበር። እናቴን ነገርኩት! ተቀልዶብኛል ብዬ ጮህኩ። ‹ቀስ፣ የኔ ልጅ፣ ስማኝ› ብለው እጄን ያዙኝ። ገፋሁ። እንዲወድቁ አልነበረም። ወላሂ፣ እጄን እንዲለቁኝ ብቻ ነበር።»

«ገጹስ?»

«ቀደድኩት።»

«ጥለኸዋል?»

ከሸሚዙ ኪስ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። በአረንጓዴ የተጻፈን ነገር መጣል አልሆነለትም።

«አንብበኸዋል?»

«ምኑን አነበዋለሁ? ውሸት ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው፤ ድምፅዋን ሳታነሣም ሳትጥልም አነበበችለት።

«‹የኔ ልጅ፣ እንተያይ ስላልከኝ እውነቱን ልንገርህ። ከሩቅ የምመጣ ሰው አይደለሁም፤ በር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሰማያዊውንና ጥቁሩን የጻፍኩት ቅር እንዳይልህ ነው፤ ለሱ ይቅር በለኝ። አረንጓዴው ግን የራሴ ነው፤ አንድም ቃል አልዋሸሁህም። ሃያ ቀን ከሥዕሎችህ ጋር ቁጭ ብያለሁ። የእኔ ቤት አንድ መስኮት ብቻ ነው ያላት፤ እሷም የጎረቤት ግድግዳ ነው የምታየው። ወንበሬን ወደ ሰባተኛው ያዞርኩት ለዚያ ነው። ጠዋት ስትመጣ ዛሬ ቀና ብለህ እየኝ፤ እኔም...›»

እዚያ ላይ ያልቃል። ሠዓሊው ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ወንበሩ ፊቱን ያዞረው ወደ በሩ አልነበረም። ሃያ ቀን በአጠገቡ ሲያልፍ ይህን አላየም። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ፖሊሶች ወሰዱት። ዳይሬክተሯ እንግዶቹን ልትሰርዝ ስልክ አንሥታ ነበር፤ የምትደውልለት ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት መልሳ አስቀመጠችው።

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ጨርሳ ስትወጣ ጋሽ ሜትር መሰላሉ ላይ ነበር። አዲሱን አምፖል አስገብቶ ወረደ፤ ሰባተኛውን ሥዕል አንሥቶ፣ በሜትሩ ለክቶ፣ ቦታው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወንበራቸውን ዳበስ ዳበስ አደረገና ከጠረጴዛው ላይ መቁጠሪያዋን ማሽን አነሣ።

«የገባውን ሁሉ ስትቆጥር» አለ፣ «ራሷን አንድ ቀን አልቆጠረችም።»

በአውራ ጣቱ አንዴ ተጫናት። 0010 አለች።